ከወንበር መነሳት ክልክል ነው

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሽ ፍሥሐ፤

ሐሊና ትናንት ከበረራ እንደወረደች ሻንጣዋን እየጎተተች ቢሮዬ ድረስ መጥታ ደብዳቤዎን ሰጠችኝ። የልጅ ልጅዎ አየር መንገድ ባትሠራ ኖሮ እኔና እርስዎ እንዲህ ያለ ፖስተኛ ከየት እናገኝ ነበር? ፖስታው ላይ ስሜን በራስዎ እጅ ጽፈው ሳየው ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ። ዓይንዎ ላይ ሞራ ከወጣ ወዲህ እትዬ ሙሉዓለም ነበሩ የሚጽፉልዎ። በየመስመሩ መካከል እርስዎ ከጎን ሆነው «እንደሱ አይደለም፣ እንዲህ በያት» ሲሉ ይሰማኝ ነበር። አሁን ግን ፊደሉም ጭቅጭቁም የራስዎ ነው። እዚህ ድረስ መጥተው በመታከምዎ እግዚአብሔር ይመስገን።

ጠብታውን መተው ይቻላል ወይ ላሉኝ፣ አይቻልም። ሐኪሙ እስከ ኅዳር ነው ያለው። ዓይኔ ድኗል ብለው ጠርሙሱን እንደሚደብቁት ስለማውቅ ለእትዬ ሙሉዓለምም በዚሁ ደብዳቤ አደራ ብያለሁ። ፀሐይ ላይ ጥቁር መነጽሩን ያድርጉ። የከዚራ ጓደኞችዎ ቢስቁብዎትም ያድርጉ።

ስለ ፈተናዬ ውጤት ለጠየቁኝ፣ ገና አልመጣም። የመጨረሻዋ ፈተና ስለሆነች እሷን ካለፍኩ ዲግሪዬን ጨረስኩ ማለት ነው፤ ያለ እሷ ግን አይሰጡኝም። ዩኒቨርሲቲው አንዳንድ የሚያጣራው ነገር ስላለ ይዘገያል ብለውኛል። የርቀት ትምህርት ነገር እንዲህ ነው፣ አስተማሪውም ሩቅ፣ ውጤቱም ሩቅ። ብዙ አያስቡበት።

ልጄ ኤሊልታ እጅ ትነሳለች። በአፏ ያለችው «ጋሽዬን ሃይ በይልኝ፣ ሳዋ?» ነው፣ «እሺ?» ለማለት፤ እጅ የነሳሁላት እኔ ነኝ። ናይሮቢ ተወልዳ ያደገች ልጅ ከዚህ በላይ ምን ትበል?

ደብዳቤዬ ስላጠረ ይቅርታዎን። ሐሊና ነገ በጠዋት ትመለሳለችና ቆማ እየጠበቀችኝ ነው።

ማርያ


ድሬዳዋ
ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ልጄ ማርያ፤

ስለ ዓይን ጠብታ ያን ሁሉ አትተሽ ስለ ውጤትሽ የጻፍሽው ያቺን ብቻ ነው? እኔ ዕድሜዬን የጨረስኩት ምድር ባቡር ነው። ባቡሩ ሲዘገይ ተሳፋሪው መስኮቴን ሲያንኳኳ «መስመር እየተጣራ ነው፣ ብዙ አያስቡ» የምለው እኔ ነበርኩ። እንዲህ ስል አንድ ቦታ ላይ ፉርጎ ከሐዲድ ወጥቶ ተጋድሟል ማለት ነው። አሁን ያንኑ ቃል ለእኔው መልሰሽ ላክሽልኝ። እስቲ ንገሪኝ፣ የወደቀው የትኛው ፉርጎ ነው?

የምጠይቅሽ ለወሬ አይደለም። አባትሽ ዘርኣጽዮን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ስንሠራ ወሬው ሁሉ ያንቺ ትምህርት ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ ሐሳቡን እኔ ተረከብኩት። በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ኤርትራዊ ነሽ ተብለሽ የማታ ትምህርትሽን ከመሃል ጥለሽ በሞያሌ ስትወጪ፣ «እዚያ ሄጄ እጨርሰዋለሁ ጋሽዬ» ብለሽኝ ነበር። ልጅ አሳደግሽ፣ ሥራ ሠራሽ፣ ፀጉርሽ ሸበተ። ከዚያ በኋላ ቅዳሜና እሑድሽን ለመጽሐፍ ሰጥተሽ ይኸው እዚህ ደርሰሻል። ለሰፈሩ ሁሉ ነግሬያለሁ። ሙሉዓለምማ ለደስታሽ የምትለብሰውን ቀሚስ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዳለች።

እንዳልጨነቅ ብለሽ የምትደብቂኝ ነገር የባሰ ያስጨንቀኛል። ጆሮዬ ስልክ ቢሰማልኝ ኖሮ ደውዬ አፋጥጥሽ ነበር፤ አልሰማ ብሎ ተረፍሽ። አሁን ቁጭ በይና ከሥሩ ጀምረሽ ጻፊልኝ።

ጋሽ ፍሥሐ


ናይሮቢ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽዬ፤

ከእርስዎ መደበቅ እንደማይቻል ረስቼው ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይኸው ከሥሩ።

እኔ የምማርበት ዩኒቨርሲቲ አዳራሹ ከባሕር ማዶ ነው። ፈተናው የሚመጣው በኮምፒውተር፣ እቤት ድረስ ነው። ተማሪው በሩን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ካሜራ ፊቱን ትቀርጻለች፣ ድምፁንም ትቀዳለች። ከወንበር መነሳት ክልክል ነው። መነጋገር ክልክል ነው። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ከታየ ጉድ ፈላ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አንብቤ፣ ተስማምቻለሁ ብዬ ነው የጀመርኩት።

መስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ያን ሰኞ ጠዋት መኝታ ቤቴ ውስጥ የመጨረሻውን ፈተና እየተፈተንኩ ሳለ አንድ እንግዳ ገቡ። ትልቅ ሰው ናቸው። ተነሳሁ። ሰላም አልኳቸው፣ ትንሽ ተነጋገርን፣ ወጡ። እኔም ተመልሼ ተቀምጬ ጨረስኩ። ካሜራዋ ግን ያየችው ከወንበሯ ተነስታ ከማይታወቅ ሰው ጋር በማይታወቅ ቋንቋ የምታወራ ሴት ነው። ስለዚህ ኩረጃ ነው ብለው ጠረጠሩ።

አሁን ሁለት መንገድ ሰጥተውኛል። ያልተፈቀደ እርዳታ ተቀብያለሁ ብዬ ብፈርም የዚህ ትምህርት ውጤት ይሰረዛል፤ ከዓመት በኋላ እንደገና እፈተናለሁ፣ ጥፋቱም በስሜ ይመዘገባል። አልፈርምም ካልኩ ደግሞ ኮሚቴ ፊት እከራከራለሁ። እዚያ ከተረታሁ ግን ጨርሰው ያባርሩኛል፣ እስከ ዛሬ የተማርኩትም ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ኤሊልታ «ማም፣ ፈርሚና ሙቭ ኦን! ሃኪ፣ ይሄ ነገር ሪስክ ነው» ትለኛለች፤ «ሃኪ» እውነቴን ነው ማለቷ ነው። ወጣቶች ስለሆኑ ዓመት ለነሱ ምንም አይደለም። እኔም ግን ወደ መፈረሙ ነኝ።

እንግዳው መጥተው ይመስክሩልሽ እንዳይሉኝ። በእኔ ጣጣ ትልቅ ሰው ኮሚቴ ፊት አላቆምም።

እትዬ ሙሉዓለም ቀሚሱን ለጊዜው ያቆዩት።

ማርያ


ድሬዳዋ
ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማርያ፤

እንግዳው እኔ ነኝ።

ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ሰውየውን ረገምኩት። በፈተና ሰዓት የሰው መኝታ ቤት ዘው ብሎ የሚገባ ምን ዓይነት ድንጋይ ነው ብዬ ጮክ ብዬ ለሙሉዓለም አነበብኩላት። እሷ ሽሮዋን ማማሰል አቁማ «እስቲ ያን ሰኞ የሚለውን ድገመው» አለችኝ። ደገምኩት። «አንተ እዚያ የነበርክ ሰሞን አይደለም እንዴ?» አለችኝ። ያን ጊዜ ገባኝ። 

ሰኞ ፈተና አለብኝ ማለትሽን አልረሳሁም። እኔ ፈተና ሲባል የማውቀው ለብሶ፣ እስክሪብቶ ይዞ፣ አዳራሽ የሚኬድበትን ነው። ፈተና መኝታ ቤት ድረስ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል? ከክፍልሽ አለመውጣትሽን ሳውቅ፣ ሳልመርቃት ልትሄድብኝ ነው ብዬ ግድግዳውን እየዳበስኩ መጣሁ። በሩ ላይ ወረቀት ለጥፈሽ ይሆናል። አንዱ ዓይኔ ታሽጎ፣ ሌላው በሞራ ተጋርዶ ምኑን ላነበው? አንቺም ብድግ ብለሽ እጄን ያዝሽ። ራስሽ ላይ እጄን ጭኜ አፌ ላይ የመጣውን ሁሉ መረቅኩሽ። «አሜን፣ አሜን» ስትዪ ድምፅሽ ይቻኮል ነበር። ደስ ብሏት ነው ብዬ ረክቼ ወጣሁ። አሁን ሳስበው ፊቴን የምደብቅበት ጠፋኝ። አንቺ ዓይኔን ልታሳክሚ ጠራሽኝ፣ እኔ የስንት ዓመት ድካምሽን አፈር አበላሁት።

ተናድጄብሻለሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያወቅሽ ለምን ደበቅሽኝ? ደግሞስ የድሬ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ድሬ ላይ ማን ለማን ይነሳል? ተቀምጠሽ «ጋሽዬ፣ አንዴ ይቆዩኝ» ብትይ ምን ትሆኚ ነበር?

ይህን ጽፌ ወጣሁና በረንዳው ላይ ተቀምጬ አሰብኩበት። እውነቱን ልንገርሽ። ተቀምጠሽ ብትቀሪ ኖሮ ቅር ብሎኝ ነበር አገሬ የምገባው። ስለዚህ የላይኛውን ቁጣ ተይው፤ ልሰርዘው ነበር፣ ወረቀቱ እንዳይቆሽሽ ብዬ ነው።

አትፈርሚ። ሳይረዳሽ ረድቶኛል ብለሽ ስምሽን አታበላሺ። ምስክሩ እኔ ነኝ፣ የትም ቢሆን እቆማለሁ። ትልቅ ሰው አላቆምም ያልሽው ለኔ ክብር መስሎሽ ነው። የእኔ ክብር ሳታጠፊ ጥፋተኛ ሆነሽ ስትፈርሚ የሚጠበቅ አይደለም።

ጋሽ ፍሥሐ


ናይሮቢ
ኅዳር 2 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽዬ፤

ለምን ደበቅሽኝ ላሉት፣ ይኸው እንዲህ እንዳይሆኑብኝ ነበር። ስንት ጊዜ ሲጨልምብዎት ከርሞ ገና ብርሃን ሲያዩ፣ መጀመሪያ የሚያነቡት ነገር የእኔ መርዶ እንዲሆን አልፈለግኩም። ጥፋቱም የእርስዎ አይደለም። ኤሊልታ በሩን እንድትጠብቅ ነግሬያት ሱኩማ የሚሉትን ጎመን ልትገዛ ወርዳ እዚያው ወሬ ይዛ ቀረች። 

ለምን ተነሳሽ ላሉት ደግሞ፣ ደንቡን አውቃለሁ፣ ካሜራዋን አያታለሁ፣ ውስጤ «አትነሺ» ይለኛል። እግሬ አልሰማኝም። እርስዎ በር ላይ ቆመው እኔ ተቀምጬ? አልቻልኩም።

አልፈረምኩም። ቃልዎን እንዳነበብኩ ወረቀቱን ሳልፈርም መለስኩት። ኤሊልታ «ኡናኦና?» ብላ ራሷን ያዘች፤ «አየሽ?» ማለቷ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጉድ ልንገርዎት። ኮሚቴው የተቀዳውን ድምፅ በአስተርጓሚ አስተርጉሞ ልኮልኛል። የእርስዎ ምርቃት በእንግሊዝኛ ተጽፎ ማየት እንዴት ያለ ነገር ነው! «ጥያቄው ሁሉ ይቅለልልሽ፣ መልሱ ይገለጥልሽ» ያሉት እንዳለ ተተርጉሟል። ከሥሩ «መልሱን የሚገልጥልሽ ግለሰብ ማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለበት። ሳቄ አመለጠኝ፣ ወዲያው ደግሞ ፈራሁ። እግዚአብሔር ነው ብዬ በጽሑፍ መለስኩ። ተጨማሪ ማብራሪያ ፈለጉ። «አሜን» ለምን ያን ያህል ተደጋገመ፣ ምልክት ነው ወይ ብለውም ጠይቀዋል።

ኮሚቴው የሚሰበሰበው ኅዳር 15 ነው። እርስዎን በስልክ ምስል ለማየት ተስማምተዋል። የዚያን ቀን ሐሊና እረፍት ስላላት ድሬ መጥታ ስልኩን ትይዝልዎታለች፤ ጆሮ ላይ የሚሰካ ማዳመጫም ታመጣለች። አስተርጓሚው እዚያው ይኖራል። አደራዎን ጋሽዬ፣ የተጠየቁትን ብቻ፣ በአጭሩ ይመልሱ። የገባሁት እኔ ነኝ፣ ፈተና ላይ መሆኗን አላወቅኩም፣ ጥያቄውን አላየሁም፣ መርቄያት ወጣሁ። በቃ።

ፈርቻለሁ። ቢሮ ሰው ሲያናግረኝ አልሰማም። ከተባረርኩ በዚህ ዕድሜዬ እንደገና ሀ ብዬ አልጀምርም፣ ይህን ለእርስዎ ብቻ ነው የምናገረው።

ማርያ


ድሬዳዋ
ኅዳር 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማርያ ልጄ፤

ያበላሸሁት መሰለኝ።

በዚህ ሙቀት ሱፍ ለብሼ ከረባት አስሬ ተቀመጥኩ። ስልኩ ላይ ሰዎቹ በየሳጥናቸው ብቅ አሉ፣ አንቺንም ከጥግ አየሁሽ፣ ከስተሻል። መሃል ያለችው ሴትዮ አፏን ታንቀሳቅሳለች። ጆሮዬ ላይ የሰኩብኝ ነገር ይንሾካሾካል እንጂ አንድ ቃል አልያዝኩም። ታዲያ ምን ላድርግ? ሰው ፊት ለፊቴ እያለ ዝም ብዬ ላፍጥጥ?

ሰላምታ ጀመርኩ። እንዴት ሰነበቱ፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ልጆች ደህና ናቸው ወይ፣ አገራችሁ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ከብቱስ አልኩ። ፈረንጅ ከብት እንዳለው አላውቅም፣ አፌ ላይ መጥቶ ነው። የቀሩት ቅር እንዳይላቸው እያንዳንዳቸውን ለየብቻ ጠየቅኩ። አንደኛው ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል። ሐዘን ይሆናል ብዬ እግዚአብሔር ያጽናዎት አልኩት። ከዚያ ሥራችሁ ይባረክ፣ የምትፈርዱት ፍርድ የቀና ይሁን፣ ለእናንተም ምስጢሩ ይገለጥላችሁ ብዬ መረቅኳቸው። አሁን ስለ ፈተናው ልናገር ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ኔትወርኩ ጠፋ። ተመልሶ አልመጣም።

ያዘዝሽኝን አንዷንም አልተናገርኩም። ሐሊና ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ፊቷን በሻርፗ ሸፍናለች፤ ትሳቅ ታልቅስ አላወቅኩም። ስጠይቃት «አባባ፣ ማርያ ትጽፍልሃለች» ብላ ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ሙሉዓለም «ሁለተኛ ጊዜ በአፍህ አጠፋሃት» ብላ ጀርባዋን ሰጥታኛለች።

ምግብ አልወርድ ብሎኛል። አባረሩሽ? የሆነውን ሁሉ ቁርጡን ንገሪኝ፣ እችለዋለሁ።

ፍሥሐ


ናይሮቢ
ኅዳር 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጋሽዬ፤

ምግብዎን ይብሉ! ነፃ ወጥቻለሁ። ፈተናውንም አልፌያለሁ። ዲግሪዬን ጨረስኩ።

ሐሊና ስለ ስብሰባው ያልነገረችዎት ውሳኔው ገና ስላልታወቀ ነው፤ በሐሰት ተስፋ እንዳልሰጠው ብላ። እኔ በኩል የነበረውን ልንገርዎት። ሰብሳቢዋ «ያን ዕለት ክፍሉ ውስጥ ምን አሏት?» ብላ ነበር የጠየቀችዎት። እርስዎ ሰላምታ ጀመሩ። አስተርጓሚው ምስኪን ላብ በላብ ሆኖ እየተከተለ ይተረጉማል። ዝናቡ ላይ ሲደርስ ሰብሳቢዋ «አሁን ጥያቄዬን እየመለሱ ነው?» ብላ ጠየቀችው። «አይ፣ ገና ሰላምታ ላይ ናቸው» አላት። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከብቱ ላይ ሲደርስ ወደ እኔ ዞራ «ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አለችኝ። ምን ልበል? «ዛሬ ቸኩለው ነው» አልኳት።

የባለ ጥቁር ሸሚዙ ነገር ደግሞ፣ እውነትም እናቱ ሞተውበት ነው። ሲያጽናኑት አንገቱን ደፋ።  ኔትወርኩ ከጠፋ በኋላ ሰብሳቢዋ የተቀዳውን ትርጉም አንስታ እርስዎ አሁን ከተናገሩት ጋር አስተያየችው። መስመር በመስመር አንድ ዓይነት ነው። ለእነሱም ምስጢሩ ይገለጥላችሁ ብለዋቸዋል፣ ለእኔም መልሱ ይገለጥልሽ ብለውኛል። ያስጠረጠሩኝን ቃላት ሁሉ እነሱም በጆሯቸው ሰሟቸው። ይህን መቶ ጊዜ ብጽፍላቸው አያምኑኝም ነበር።

ውሳኔው ዛሬ ከሥራ ስመለስ ማታቱ በሚሉት ታክሲ ውስጥ ስልኬ ላይ ደረሰኝ። እንዲህ ይላል፦ «ተማሪዋ በፈተና ወቅት ከአንድ አረጋዊ ጋር ያደረገችው ንግግር ምንም ዓይነት ትምህርታዊ ይዘት የሌለው መሆኑን ኮሚቴው አረጋግጧል።» ከሥሩ ውጤቴ አለ። ማዕረግ የለውም፣ አልፋለች ይላል፣ ይበቃኛል። ሰው መሃል መሆኔን ረስቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ረዳቱ ሰው የሞተብኝ መስሎት «ፖሌ ሳና ማማ»፣ ማለትም አይዞሽ እናት፣ እያለ እጄን ይዞ አወረደኝ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅሁ። ስንት ጊዜ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ተነሳልኝ፣ ጋሽዬ። ኤሊልታ ደረጃው ላይ እየዘለለች ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣች።

እትዬ ሙሉዓለም ቀሚሳቸውን ይልበሱ። ለእርስዎ ምን ብዬ እንደማመሰግን አላውቅም። በአጭሩ ይመልሱ ያልኩዎትን ስላልሰሙኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ልጅዎ ማርያ


ድሬዳዋ
ኅዳር 30 ቀን 2018 ዓ.ም.

ማርያ ልጄ፤

እፎይ! ደብዳቤሽን ቆሜ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት። ሙሉዓለም እልልታዋን አቅልጣው ጎረቤት ምን ተገኘ ብሎ ግልብጥ ብሎ መጣ። ቀሚሷን ለብሳ ሽሮ ስትሠራ ዋለች፣ አውልቂው ብላት እምቢ አለችኝ። ከእኔም ጋር ታርቀናል። ሁለት ቀን ሙሉ ስበላ ነው የዋልኩት።

በማግስቱ አባትሽ መቃብር ሄጄ ውሳኔውን ከላይ እስከ ታች በራሴ ዓይን አነበብኩለት። ዘርኣጽዮን፣ ልጅህ ጨረሰችልህ አልኩት። አለቀስኩ፣ ደስ የሚል ለቅሶ ነው። ለዚያ ጥቁር ሸሚዝ ለባሹም ሰው መልሰሽ ሰላም በይልኝ።

ግን እዚያው ቆሜ ሳነብ አንድ ነገር ከነከነኝ። የኔ ንግግር ምንም ይዘት የሌለው መሆኑ ተረጋግጧል ነው ያሉት? እኔ ጥያቄው ይቅለልልሽ፣ መልሱ ይገለጥልሽ አልኩ። ጥያቄው ቀለለልሽ፣ መልሱም ተገለጠልሽ፣ አለፍሽ። እስቲ ጠይቂልኝ፣ ከዚህ ሌላ ምን ይዘት ነው የፈለጉት?

ጋሽ ፍሥሐ